ደንበኛው በየወሩ ነው የሚገዛን

ሰሞኑን በወር ክፍያ ስለሚሸጥ ሶፍትዌር የተጻፈ አንድ ጽሑፍ ደርሶኝ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የተጻፈው ወደዚህ ሥራ ለመግባት ለሚያስቡ ወጣቶች ነው። የጸሐፊው ሐሳብ ባጭሩ ይህ ነው። ሰብስክሪፕሽን፣ ማለትም የወር ክፍያ፣ እንደ ቤት ኪራይ ነው፤ ደንበኛው አንዴ ከገባ ገቢው በየወሩ በራሱ ይመጣል። ተፎካካሪን በልጦ ለመቆየት ሦስት ነገር ይበቃል፦ ሳያቋርጡ አዲስ ፊቸር (ሶፍትዌሩ የሚሠራው አዲስ ነገር) መጨመር፣ ከሁሉም ያነሰ ዋጋ መጠየቅ፣ ደንበኛው ልውጣ ቢል እንዲከብደው ማድረግ። ትልቅ ኩባንያ ወደ ገበያው ከመጣ ደግሞ ትንሹ ቶሎ ሸጦ ቢወጣ ይሻለዋል።

እኔ የምሠራው አዲስ አበባ ውስጥ የደመወዝና የሒሳብ ሲስተም በወር ክፍያ በሚያቀርብ ትንሽ ድርጅት ነው። ከዚያ በፊት አካውንታንት ነበርኩ። ስለዚህ ከፋይም ሆኜ አይቻለሁ፣ አስከፋይም። ጸሐፊው ለወጣቶቹ በቅን ልብ አስበው እንደጻፉ አልጠራጠርም። ምክራቸው ግን ብዙ ልጆችን ጥሪታቸውን ያስጨርሳል ብዬ ስለምፈራ ዝም ማለት አልቻልኩም።

ከቤት ኪራዩ ልጀምር። ተከራይ ቤት ሲለቅ ምን እንደሚያይ ሁላችንም እናውቀዋለን። ደላላ አለ። ቅድሚያ ክፍያ አለ። አይሱዙ አለ፣ ጫኝና አውራጅ አለ፣ የልጆች ትምህርት ቤት አለ። ኪራዩ ቢመረውም ጥርሱን ነክሶ የሚቆየው ለዚህ ነው። የእኛ ደንበኛ እንዲህ ያለ ጣጣ የለበትም። ኤክሴል ኮምፒውተሩ ላይ ተጭኗል። በፍላሽ ተቀድቶ የመጣ ፒችትሪ የሚባል የሒሳብ ሶፍትዌርም አለለት። ፒችትሪ አሜሪካ ውስጥ ስሙ ተቀይሮ ሴጅ 50 ከተባለ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል። እዚህ አገር ግን የሥራ ማስታወቂያ ዛሬም «ፒችትሪ የሚችል» እያለ ይወጣል። ዋናው ተፎካካሪያችን እንግዲህ በወር አምስት ሳንቲም የማይከፈልበት ነገር ነው።

ሌላም አለ። በውጭ አገር ደንበኛው የካርድ ቁጥሩን አንዴ ይሰጣል። ከዚያ በኋላ ክፍያው ሳያስበው በየወሩ ይቆረጣል። ጸሐፊው ገቢው በራሱ ይመጣል ሲሉ ይህንን እያሰቡ ይመስለኛል። እዚህ እንዴት እንደሚከፈል ልንገራችሁ። ወሩ ሲያልቅ የክፍያ መጠየቂያ እንልካለን። አካውንታንቷ ለሥራ አስኪያጁ ታቀርባለች። እሱ አይቶ ይፈርማል። ከዚያ በባንክ ወይም በቴሌብር ይከፈልና ስክሪንሹቱ በቴሌግራም ይላክልናል። በየወሩ ሁለት ሰው «ይሄ ነገር ይጠቅመናል ወይ?» ብሎ ይጠያየቃል ማለት ነው። እኛ አንድን ደንበኛ በዓመት 12 ጊዜ ነው የምንሸጥለት።

እስቲ ሒሳቡን አብረን እንሥራው፤ ከጽሑፉ ውስጥ በጣም የጎደለኝ ይህ ነው። 100 ደንበኞች አሉን እንበል። በየወሩ ከመቶ 5 ይሄዳሉ። 5 ትንሽ ይመስላል። አዲስ ሰው ካልመጣ ግን ዓመቱ ሲያልቅ የሚቀሩት 54 ናቸው። የሚሄደው ከመቶ 2 ቢሆን 78 ይቀራሉ። አሁን ደግሞ ሻጮቻችሁ በየወሩ 10 አዲስ ደንበኛ ያመጣሉ እንበል። ከመቶ 5 የሚሄድ ከሆነ፣ 200 ደንበኛ ላይ ስትደርሱ በወር 10 ይገባል፣ 10 ይወጣል። እዚያው ትቆማላችሁ። አምስት ዓመትም ብትለፉ፣ አሥር ዓመትም ብትለፉ ከ200 አታልፉም። የሚሄደውን ወደ ከመቶ 2 ብታወርዱት ግን፣ ያው ሽያጭ፣ ያው ሰው፣ ያው ድካም ሆኖ ጣሪያው 500 ይደርሳል።

እኛ ይህን ሳናስተውል ከአንድ ዓመት በላይ ቆይተናል። ደንበኛ ቁጥሩ አልጨምር ሲለን ማስታወቂያ እንቀያይር ነበር። ሻጭ እንቀያይር ነበር። የሄዱትን ግን ደውለን ለምን ሄዳችሁ ብለን አልጠየቅንም። በኋላ ስንደውል ብዙዎቹ የነገሩን አንድ ዓይነት ነገር ነው። ሲስተሙን ያውቅ የነበረው ልጅ ሥራ ቀይሮ ሄደ፤ አዲሷን የሚያሠለጥናት ጠፋ። ከዚያ ወዲህ ደንበኛ ቢሮ ውስጥ አካውንታንት ሲቀየር በሳምንቱ ሄደን በነፃ እናሠለጥናለን። ከሠራነው ሁሉ የሄደውን ደንበኛ ቁጥር በደንብ የቀነሰልን ይህ ነው። ፊቸር አይደለም፣ ዋጋም አይደለም።

አንድ ነገር ልጨምር። ወደ ወር ክፍያ መግባት ራሱ መጀመሪያ ላይ ያከሳል። ፎቶሾፕን የሚሠራው አዶቢ እ.ኤ.አ. በ2013 አዳዲስ ፕሮግራሞቹን በአንድ ጊዜ ክፍያ መሸጥ ትቶ ወደ ወር ክፍያ ሲዞር፣ የዓመት ገቢው ከ4.4 ወደ 4.06 ቢሊዮን ዶላር ወረደ። የተጣራ ትርፉ ደግሞ ከ833 ሚሊዮን ወደ 290 ሚሊዮን ዶላር ወደቀ። ዛሬ በዓመት ከ20 ቢሊዮን ዶላር በላይ ያስገባል። ያንን ክሳት የሚችልበት አቅም ግን ነበረው። ብድር ተበድሮ የሚጀምር ልጅ ይህን ቀድሞ ማወቅ አለበት።

ወደ ሁለተኛው ነጥብ ልለፍ። አዲስ ፊቸር በየጊዜው ካልተጨመረ ደንበኛ ይሰለቻል ይላሉ ጸሐፊው። ኤቨርኖት የሚባለውን የማስታወሻ አፕ ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2008 ሲጀምር ሥራው አንድ ነበር፤ የጻፍከውን ይይዝልሃል፣ ስትፈልገው ያገኝልሃል። በ2012 ዋጋው 1 ቢሊዮን ዶላር ተገመተ። ከዚያ የምግብ አፕ መጣ። የተዋወቅኸውን ሰው የሚመዘግብ አፕ መጣ። ቦርሳና ካልሲ ሳይቀር በስሙ ተሸጠ። በዚህ መሐል ዋናው ማስታወሻ እየከበደና እየተንቀረፈፈ ሄደ፤ የድሮ ወዳጆቹ ሳይቀሩ አማረሩ። በ2022 መጨረሻ ቤንዲንግ ስፑንስ የተባለ የጣሊያን ኩባንያ ሊገዛው ተስማማ። በቀጣዩ ዓመት አሜሪካ የነበሩት ሠራተኞቹ አብዛኞቹ ተሰናበቱ። ደንበኛው የጠየቀው ካልሲ አልነበረም። ማስታወሻው ቶሎ እንዲከፈትለት ነበር።

በእኛ ሥራ ደግሞ ትልቁን ፊቸር ደንበኛው አያየውም። ሐምሌ 2017 ዓ.ም. የገቢ ግብር ሕጉ ተሻሻለ። ከደመወዝ ግብር ነፃ የሚሆነው ገቢ ከ600 ብር ወደ 2,000 ብር ከፍ አለ። ከመቶ 35 የሚቆረጥበት መነሻ ከ10,900 ወደ 14,000 ብር ሄደ። 5,000 ብር ደመወዝ ያለው ሠራተኛ በድሮው ሠንጠረዥ 697 ብር ከ50 ሳንቲም ይቆረጥበት ነበር። በአዲሱ የሚቆረጥበት 500 ብር ነው። ለአንድ መምህር ልዩነቱ በወር ወደ 200 ብር ይጠጋል።

በዚያ ሰሞን የአንድ ትምህርት ቤት ሒሳብ ሹም ደወሉልኝ። ትልቅ ሰው ናቸው፤ ከእኛ ጋር ከጀመርንበት ጊዜ ጀምሮ አሉ። «ልጄ፣ ሠንጠረዡ ተቀየረ እያሉ መምህራኑ ቢሮዬን ሞልተውታል። በየትኛው ላስላ?» አሉኝ። «እትዬ፣ እርስዎ ምንም አይንኩ፤ ሁለቱም ሠንጠረዥ ውስጡ አለ፣ ወሩን ሲመርጡ ራሱ ያውቃል» አልኳቸው። ዝም አሉ። ቀጥለው «እግዜር ይስጥልኝ» ብለው ዘጉት። ረቂቁ ገና ውይይት ላይ ሳለ ነበር ቁጭ ብለን ያነበብነው። ማንም ደንበኛ ይህን ሥሩልን ብሎ አልጠየቀንም። አዲስ ደንበኛ ሲስተሙን ስናሳየውም ይህ ነገር ዓይን አይስብም። በኤክሴል ለሚሠራው ግን ያ ወር ምን እንደነበር ማንም አካውንታንት ይነግራችኋል።

ለእኔ የወር ክፍያ ትርጉሙ ይህ ነው። ደንበኛው የሚከፍለን አገሩ ሲቀየር ሲስተሙም አብሮ እንዲቀየርለት ነው። አንዴ ተሽጦ የቀረ ሶፍትዌር ይህን ሊያደርግ አይችልም። በፍላሽ የተቀዳው ደግሞ ጭራሽ የሚጠየቅ ባለቤት የለውም። ከእነሱ ጋር የምንወዳደርበት ቦታ ይህ ብቻ ነው። በፊቸር ብዛት እንብለጣቸው ካልን ዕድሜያችንን እንጨርሳለን።

ይህን ስል ፊቸር አይጨመር ማለቴ አይደለም። ምን እንደሚጨመር ግን ደንበኛው ጠረጴዛ አጠገብ ተቀምጦ ማየት ይጠይቃል። ኢንቱዊት የሚባለው የአሜሪካ የሒሳብ ሶፍትዌር ኩባንያ በልጅነቱ የሚገርም ልማድ ነበረው። ሠራተኞቹ ሱቅ ውስጥ ቆመው ኩዊክንን የገዛውን ሰው «ቤትህ ድረስ ተከትለንህ ስትጠቀምበት እንይ?» ይሉት ነበር። ኩዊክን የተሠራው ለቤተሰብ ወጪ ነበር። ከጊዜ በኋላ እንደደረሱበት ግን ብዙ ሰው ለትንሽ ንግዱ ነበር የሚጠቀምበት። እ.ኤ.አ. በ1992 የወጣው ኩዊክቡክስ የተወለደው ከዚያ ነው። እኛም አንድ ፋርማሲ ውስጥ ግማሽ ቀን ተቀምጠን ያየነውን፣ በስብሰባ ዓመት ሙሉ ብንወያይ አናገኘውም ነበር።

ሦስተኛው ዋጋ ነው። ጸሐፊው ርካሽ ሁኑ ይላሉ። እኛም ብለን ነበር። እንዲያውም ለጥቂት ደንበኞች ለሦስት ዓመት ዋጋ አንጨምርም ብለን ፈርመናል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሬው በገበያ እንዲመራ ተወሰነ። ከ57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። ለሰርቨር የምንከፍለው በዶላር ነው። ደንበኛው የሚከፍለን በብር ነው። በዚያ ዋጋ እያንዳንዱ ደንበኛ ኪሳራ ሆነብን።

ለሁሉም ደብዳቤ ጻፍን። የሰርቨሩ ወጪ ስንት እንደነበር፣ ስንት እንደሆነ፣ ምን ያህሉን እኛ እንደምንችል ቁጥሩን ሳንደብቅ አስቀመጥን። የፈረምንላቸውን በፈረምነው አስጨረስን፤ ቃል ቃል ነው። ለሌሎቹ የሁለት ወር ጊዜ ሰጠን። የሄዱ አሉ። ከሄዱት አብዛኞቹ መጀመሪያም በርካሽነታችን የመጡ ነበሩ። በአገልግሎታችን የመጡት ደውለው ተከራከሩን፣ አንዳንዶቹም ተቆጡን፤ ግን ቆዩ። ኤቨርኖት እ.ኤ.አ. በ2016 ዋጋ ሲጨምር በነፃ የሚጠቀመውንም በሁለት ዕቃ ብቻ ወስኖ ነበር። ያን ያህል ቁጣ የተነሳው ሰው ብዙ ከፍሎ ያገኘው አዲስ ነገር ስላልታየው ይመስለኛል።

ርካሽ ዋጋ ሌላም መዘዝ አለው። ሰኔ 30 ስልክ የሚያነሳ ሰው መቅጠሪያ ያሳጣችኋል። የበጀት ዓመት የሚዘጋ አካውንታንት በዚያ ቀን ስልክ ካልተነሳለት፣ የቀሩት 11 ወራት ደህና መሆናቸው ትዝ አይለውም።

አራተኛው ነጥብ ላይ ስደርስ ግን ልቤ ይቆጣል። ደንበኛው እንዳይወጣ አጥሩን አጥብቁ ይላሉ ጸሐፊው። ዳታውን በቀላሉ እንዳያወጣ፣ ውሉን ሲያቋርጥ እንዲከፍል።

አካውንታንት በነበርኩበት ጊዜ ይህ በእኔ ላይ ደርሷል። የምሠራበት ድርጅት ከአንድ የሶፍትዌር አቅራቢ ጋር ውሉን ሲጨርስ የአራት ዓመት ሒሳባችንን ስጡን አልናቸው። ክፈሉ አሉን። ከፈልን። የመጣልን ግን በወረቀት የታተመ ክምር ነበር። ሦስት ሆነን ሙሉ ወር ስንጽፈው ከረምን። ማታ ማታ፣ ቅዳሜም እሑድም። የራሳችንን ቁጥር ነው የጻፍነው። ያንን ወር እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ያ አቅራቢ ከእኛ ያገኘው የመጨረሻ ክፍያ ስንት እንደነበር አላስታውስም። ያ ድርጅት ማን እንደሆነ ግን ለጠየቀኝ አካውንታንት ሁሉ ነግሬአለሁ። አዲስ አበባ ትልቅ ከተማ ብትሆንም የሒሳብ ሰዎች ሰፈር ጠባብ ነው። ገቢዎች ሰልፍ ላይ የማይወራ ነገር የለም።

ትልልቆቹም ቢሆኑ አልቀናቸውም። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2024 የአሜሪካ የንግድ ኮሚሽን አዶቢን ከሰሰ። ክሱ የዓመት ውል በወር ከፋፍሎ የሚከፍል ደንበኛ ቀድሞ ሲያቋርጥ የሚጠየቀውን ቅጣት ደብቋል፣ መውጫውንም አስቸግሯል የሚል ነው። የመጀመሪያው ዓመት ቅጣት ከቀሪው ክፍያ ግማሽ ነበር። አዶቢ በወቅቱ ክሱን እከራከርበታለሁ ብሎ ነበር። ያም ሆኖ ደንበኛህ ስለ አንተ የሚያወራው ስለ ሥራህ ሳይሆን ስለ መውጫ በርህ ከሆነ ምን ቀረህ?

በእኛ ሲስተም «ወደ ኤክሴል አውጣ» የሚለው ቁልፍ ፊት ለፊት ነው ያለው። የሄደ ደንበኛ ዳታ ለአንድ ዓመት በነፃ እናስቀምጣለን። መጀመሪያ ላይ ባልደረቦቼ ፈርተው ነበር፤ ሁሉም አውጥቶ ይሄዳል ብለው። የሆነው ሌላ ነው። ሥራ አስኪያጆች ውል ከመፈረማቸው በፊት የሚጠይቁት «ብንለያይስ?» ብለው ነው። ቁልፉን ስናሳያቸው ይፈርማሉ። ሦስት ደንበኞች ሄደው ተመልሰዋል። በጸብ ብንለያይ ኖሮ ይመለሱ ነበር?

አምስተኛው ላይ ጸሐፊው ግማሽ እውነት አላቸው። ትልቅ ሲመጣ ያስፈራል። የሥራ ባልደረቦች የሚጻጻፉበት ሶፍትዌር፣ ስላክ፣ ምስክር ነው። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በኅዳር 2016 ያንኑ ሥራ የሚሠራውን ቲምስን ሲያስተዋውቅ ስላክ በጋዜጣ ሙሉ ገጽ ማስታወቂያ አውጥቶ እንኳን ደህና መጣህ አለው። ቲምስ ግን ከኦፊስ ጋር ተጠቅልሎ ለደንበኛው ያለ ተጨማሪ ክፍያ ደረሰ። ስላክ በ2020 ለአውሮፓ ኮሚሽን አቤት አለ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ሴልስፎርስ ለሚባል ትልቅ የሶፍትዌር ኩባንያ በ27.7 ቢሊዮን ዶላር ሊሸጥ ተስማማ። ነፃና ተጠቅልሎ የመጣን ነገር መቋቋም ከባድ ነው፤ ይህን አልክድም።

ግን ያው ማይክሮሶፍት ከኢንቱዊት ጋርም ገጥሞ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1994 በ1.5 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ሊገዛው ተስማምቶ፣ የአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር ስለከሰሰ በ1995 ተወው። የኩዊክን ተፎካካሪ የሆነውን የራሱን ማይክሮሶፍት መኒ ይዞ ለዓመታት ተወዳደረ። በ2009 ራሱ ሽያጩን አቆመ። ኢንቱዊት ዛሬም አለ። ሰው የሚወያይበት ሶፍትዌርና ግብሩን የሚያሰላበት ሶፍትዌር አንድ አይደሉም። በግብሩ ሲሳሳት የሚቀጣው እሱ ነው። ለዚያ የሚመርጠው የሚያምነውን ነው።

እኛ ዘንድ ብዙዎች የሚመኩት በዘመን አቆጣጠራችን ነው። የውጭው ሲስተም ጳጉሜን አያውቅም፣ የበጀት ዓመታችን ሐምሌ 1 እንደሚጀምር አያውቅም፣ የጡረታ 7 እና 11 ከመቶ አያውቅም ይላሉ። እውነት ነው፣ ዛሬ ይጠቅመናል። ግን ይህ በጥቂት ወር ሥራ የሚደረስበት ነገር ነው። በዚህ ብቻ ተማምኖ የተቀመጠ ሰው ትልቁ ሲመጣ ባዶ እጁን ነው የሚያገኘው።

ጸሐፊው ያላነሱት አንድ ነገር አለ፤ በእኛ አገር ከሁሉም ሳይቀድም አይቀርም። ኢንተርኔት። ሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ተቋርጦ ለሳምንታት ቆየ። የዚያን ጊዜው ሲስተማችን ያለ ኔትወርክ አይከፈትም ነበር። ጊዜው የሰኔ ደመወዝና የበጀት ዓመት መዝጊያ ነው። ደንበኞቻችን ቢሮ ገብተው ባዶ ስክሪን ላይ አፈጠጡ። እኛ በእግራችንም በታክሲም እየዞርን፣ ቢሮአችን የነበረንን ባካፕ በፍላሽ እያደረስን፣ ደመወዝ በካልኩሌተር አብረን አሰላን። የዚያን ወር ክፍያ አልጠየቅንም።

ከዚያ ሁሉንም ሥራ አቁመን ሲስተሙን እንደገና ጻፍነው። ደንበኛው ኮምፒውተር ላይ ይሠራል፣ ኔትወርክ ሲመለስ ራሱ ይልካል። ሰባት ወር ፈጀብን። በዚያ ሰባት ወር አንድም አዲስ ፊቸር አላወጣንም። አሁን አዲስ ደንበኛ ቢሮ ስንሄድ መጀመሪያ የምናደርገው ነገር የኔትወርኩን ገመድ ነቅለን የወሩን ደመወዝ ፊታቸው ማስላት ነው።